ቲቪው ሳይነግረኝ መስኮቴ ይነግረኝ ነበር፦ የደብሊን ጌሊክ ፉትቦል ወርቃማ ዘመን

ድራምኮንድራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ ስትከራከሩ ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ኳስ፣ ስለ አየርላንዱ ጌሊክ ፉትቦል ልጽፍላችሁ ነው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ደብሊን፣ ድራምኮንድራ የሚባል ሰፈር ነው። ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። 82,300 ሰው ይይዛል። ፍጻሜ ባለበት ቀን ትኬት ካላገኘሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቲቪ እከፍታለሁ። ጎል ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚነግረኝ ቲቪው ሳይሆን መስኮቴ ነው። ጩኸቱ ይገባል፣ ቲቪው ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ያሳየኛል። እየቆየሁ ጩኸቱን መለየት ጀመርኩ። የደብሊን ደጋፊ ቆሞ የሚያይበት ሂል 16 የሚሉት ጥግ አለ። እሱ ሲጮህ ድምፁ ወፍራም ነው፣ መስታወቱ ላይ ይሰማል። የእንግዳው ደጋፊ ሲጮህ ግን ከየአቅጣጫው ተበታትኖ ይመጣል። ስለዚህ ቲቪው ላይ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ እያለች እኔ ማን እንዳገባ አውቄዋለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንድ ቡድን 15 ሰው ነው። ኳሷን በእጅም በእግርም ይጫወቷታል። ይዘህ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይቻልም፤ ወይ መሬት ላይ ታነጥራታለህ፣ ወይ በእግርህ ጫፍ መታ አድርገህ ወደ እጅህ ትመልሳታለህ። ቋሚዎቹ ወደ ላይ የረዘሙ ናቸው። በዚያ ዘመን ከአግዳሚው በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት ነበር። 1-12 ተብሎ ሲጻፍ አንድ ጎልና 12 ነጥብ፣ ድምሩ 15 ማለት ነው። የሚጫወቱት ካውንቲዎች፣ ማለትም የአየርላንድ አውራጃዎች ናቸው፣ የሚሻሙበት ዋንጫ ሳም ማጉዋየር ይባላል።

ደግሞ ማንም አይከፈለውም። 82,000 ሰው ፊት ተጫውቶ ሰኞ ሥራ ይገባል። የደብሊን ግብ ጠባቂ የነበረው ስቴፈን ክላክስተን የሳይንስ መምህር ነበር። ጃክ ማካፍሪ ሐኪም ነው። በርናርድ ብሮጋን የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ብራያን ፌንተን ፊዚዮቴራፒስት ነው። አሰልጣኙ ጂም ጋቪን የአየር ኃይል አብራሪ ነበር።

እኔ ይህንን ቡድን የወደድኩት ሲሸነፍ ነው። 2009 ላይ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ የደብሊን ተወላጅ ሼፍ ነበር፣ በሕይወቴ እንደሱ የሚያወራ ሰው አላየሁም። ዘንድሮ የእኛ ነው እያለ ክረምቱን ሙሉ አደነቆረን። ከዚያ በሩብ ፍጻሜ ኬሪ ካውንቲ 1-24 ለ 1-7 አሸነፋቸው። በማግስቱ መጣና አንድ ቃል ሳይተነፍስ እስከ ምሳ ድረስ ድንች ላጠ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። አጠገቡ ቆሜ አብሬው ላጥኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሚዝ ካውንቲ 5-9 ለ 0-13 ረታቸው። አምስት ጎል! ያን ጊዜ እኔም ዝም አልኩ፣ ያን ጊዜ ነው ደጋፊ መሆኔ የገባኝ።

2011 ፍጻሜ፣ ከኬሪ ጋር። ደብሊን ከ1995 ወዲህ ዋንጫ አላነሳም። ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲቀር በአራት ነጥብ እየተመራን ነበር። ተቀይሮ የገባው ኬቨን ማክማናሞን እየሮጠ ሄዶ አገባ። ኬቨን ኖላን አቻ አደረገን፣ ብሮጋን አሳለፈን፣ የኬሪው ኪራን ዶናሂ መልሶ አቻ አደረጋቸው። ሰዓቱ አልቋል። ቅጣት ምት ተሰጠን። ማን ቢመታው ጥሩ ነው? ግብ ጠባቂው። ክላክስተን ከራሱ ጎል ተነስቶ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ መጣ፣ ኳሷን አስቀመጠ፣ መታ፣ ገባች። ከዚያ ዞሮ ወደ ጎሉ ሮጠ። እጁን አላነሳም፣ አልጨፈረም። 1-12 ለ 1-11። ሼፉ በማግስቱ ሲመጣ ድምፁ ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነበር የሚያዝዘን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልዘርዝረው፣ ስቆጥረው እኔ ራሴ አልጠግብም። 2013 ዋንጫ። 2015፣ 2016፣ 2017፣ 2018፣ 2019፣ 2020 በተከታታይ ስድስት ዋንጫ። በወንዶች ጨዋታ ከዚያ በፊት አምስት በተከታታይ ያነሳ ማንም የለም። ኬሪ 1982 ላይ አምስተኛውን ሊያነሳ ደቂቃዎች ሲቀሩት የኦፋሊው ሼመስ ዳርቢ አግብቶ ቀማው። ደብሊን በእነዚህ ዓመታት 45 የሻምፒዮና ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄዷል።

አሁን ልጽፍ የመጣሁበት ነገር ይሄ ነው። ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ደብሊን ማሽን ነበር፣ ይጨፈልቅ ነበር ይላል። እኔ እንደዛ አላስታውሰውም። የ2011ን ፍጻሜ በአንድ ነጥብ ነው ያሸነፍነው። የ2013ን በአንድ ነጥብ፣ 2-12 ለ 1-14። የ2016ቱ አቻ ወጥቶ ድጋሚው በአንድ ነጥብ፣ 1-15 ለ 1-14። የ2017ቱ በአንድ ነጥብ፣ 1-17 ለ 1-16። የ2019ኙ ከኬሪ ጋር አቻ ወጥቶ በድጋሚ። ይህን ሁሉ ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል እስካሁን። አራት ኳሶች ትንሽ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቢሄዱ ኖሮ ወርቃማ ዘመን የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር፣ ሰዎቹ ግን ያው ሰዎች ነበሩ።

የ2017ቱን ፍጻሜ ልንገራችሁ፣ ከማዮ ካውንቲ ጋር ነው። ትኬት አላገኘሁም፣ እቤት ነኝ። ባከነ ሰዓት ውስጥ የማዮው ኪሊያን ኦኮነር ቅጣት ምት መታ፣ ቋሚውን መታና ተመለሰ። ከዚያ ለደብሊን ቅጣት ምት ተሰጠ፣ 76ኛው ደቂቃ። ቲቪው ላይ ዲን ሮክ ገና ኳሷን ይዞ እርምጃውን እየቆጠረ ነው። የሂል ጩኸት በመስኮቴ ገባ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ሮክ ግን ቲቪው ላይ ገና አልመታም። ከዚያ ሲመታ አየሁት፣ የማዮው ሊ ኪገን ከማሊያው ውስጥ ሩጫውን የሚለካበትን የጂፒኤስ ዕቃ አውጥቶ ሲወረውርበትም አየሁ። ሮክ ግን ዓይኑን ከኳሷ አላነሳም።

ለእኔ የዚያ ዘመን ምስጢር እዚያ ላይ ነው። ጋቪን ያስተማራቸው የመጨረሻዋን ደቂቃ እንደ መጀመሪያዋ መጫወት ነው። ክላክስተን ደግሞ የመልስ ምትን ቀየረው። ድሮ ግብ ጠባቂ ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካት ነበር፣ መሐል ሜዳ ላይ የደረሰባት ይወስዳታል። እሱ ግን ኳሷ ገና ሳትቆም ነፃ የሆነውን ሰው ያይና ደረቱ ላይ ያስቀምጥለታል። ያኔ ተጋጣሚ ኳስ ለማግኘት ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት፣ በኋላ ሌሎች ግብ ጠባቂዎችም እንደሱ መሥራት ጀመሩ። ከ2013 ጀምሮ አምበል ሆኖ ሰባት ጊዜ ዋንጫ አንስቷል፣ ንግግሩም ሁሌ አጭር ነበር።

2020 መጣ። ፍጻሜው ታኅሣሥ 19 ቀን ነበር፣ በኮሮና ምክንያት ተመልካች የሌለበት። ሮክ ጨዋታው በተጀመረ በ13 ሰከንድ አገባ። መስኮቴ ዝም። ስድስተኛው ተከታታይ ዋንጫ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ እየተነሳ ሰፈሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ቲቪውን ዘግቼ ኮቴን ደረብኩና እስከ ስታዲየሙ አጥር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መብራቱ በርቷል። ሰው የለም። እዚያ ቆሜ ነው ዘመኑ እያለቀ እንደሆነ የተሰማኝ።

እናንተስ? አየርላንድ ያላችሁ፣ የት ሆናችሁ ነው ያያችሁት?

ፒያሳ_ልጅ፦

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ጨዋታ ዛሬ ነው የሰማሁት። አንድ ነገር አልገባኝም። ካልተከፈላቸው ለምን ሌላ ካውንቲ ገንዘብ ሰጥቶ አይወስዳቸውም? ያን ግብ ጠባቂ ማለቴ ነው።

ድራምኮንድራ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዝውውር በገንዘብ የለም። የምትጫወተው ለሰፈርህ ክለብ ነው፣ ከዚያ ጥሩ ከሆንክ የካውንቲው ቡድን ይጠራሃል። ብዙዎቹ የተወለዱበትን ማሊያ ለብሰው ነው የሚያበቁት። ፊሊ ማክማሆን የሚባል ተከላካይ ነበረን፣ ከባሊመን ሰፈር የወጣ። ወንድሙ በሄሮይን ሱስ ሞቶበታል። እሱ ዛሬ እዚያው ሰፈሩ ስላለው ሱስ በግልጽ ይናገራል፣ ወጣቶች ላይ ይሠራል። ሜዳ ላይ የምታየው ሰው ገበያ ላይ የምታገኘው ሰው ነው፣ ለዚህ ነው ፍቅሩ የሚለየው።

ሄዋን_ካስልባር፦

ድራምኮንድራ፣ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። አራት ኳሶች ያልካቸው አሉ አይደል? ሦስቱ የተወሰዱት ከእኛ ነው።

እኔ ማዮ ነኝ። እዚህ ማዮ፣ ካስልባር ከተማ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ልጆቼ እዚሁ ተወልደው አረንጓዴና ቀይ ለብሰው ነው ያደጉት። 2016 የመጀመሪያውን ፍጻሜ እዚያው ክሮክ ፓርክ ነበርኩ። ደብሊን በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጎል አገኘ፣ ሁለቱንም ያገባነው እኛ ነን፣ በራሳችን መረብ ላይ። እንደዛም ሆኖ አቻ ወጣን፣ 2-9 ለ 0-15። እስቲ አስበው። በድጋሚው ደግሞ ኮርማክ ኮስቴሎ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ፣ መጨረሻ ላይ አቻ ሊያደርገን የሚችለው የኦኮነር ቅጣት ምት ወደ ውጭ ሄደ። ታናሹ ልጄ መኪና ውስጥ እስከ ካስልባር ድረስ ማሊያውን አላወልቅም አለ።

እዚህ የሚነገር ታሪክ አለ፣ ብዙ ሰው ተረት ነው ይላል። 1951 ላይ ማዮ ዋንጫውን ይዞ ሲመለስ ፎክስፎርድ የምትባል ከተማ ላይ ቀብር አጋጠማቸው፣ ቡድኑ ሳይቆም እየጨፈረ አለፈ፣ ከዚያ እርግማን ወረደ፣ የዚያ ቡድን አባላት በሙሉ እስኪሞቱ ድረስ ማዮ አያሸንፍም ይባላል። የመጀመሪያ ቀን ሲነግሩኝ ጎረቤቶቼ እስቃለሁ ብለው ጠብቀው ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። እኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ ሥራ የሚፈታ ሕዝብ ነው፣ ለቅሶ ትቶ የሚጨፍር ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የመጨረሻው ተጫዋች ፓዲ ፕሬንደርጋስት 2021 አረፉ። ማዮ ግን እስካሁን አላነሳም። ከ1951 ወዲህ 11 ፍጻሜ ደርሰን 11ዱንም ተሸንፈናል።

ስለዚህ ስለ ወርቃማ ዘመን ስታወራ የእኛንም ጨምርበት። ያለ ማዮ ያ ቡድን ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ድራምኮንድራ፦

ሄዋን እህቴ፣ እውነትሽን ነው። የፍጻሜ ቀን መንገዱ ላይ የማዮ ሰው ሳይ አንገቴን ደፍቼ ሰላም እል ነበር። ከኬሪም ከታይሮንም በላይ የፈራነው እናንተን ነው። ያን 45 ጨዋታ ያቆማችሁትም እናንተ ናችሁ፣ ነሐሴ 2021፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ 0-17 ለ 0-14። ያን ቀን ደጋፊ በከፊል ተፈቅዶ ነበር፣ እቤት ነበርኩ። በመስኮቴ የገባውን ጩኸት ሳላውቀው ቀረሁ። ወፍራም ነበር፣ እንደ ሂል። ግን የእኛ አልነበረም።

ጋሽ_ትራሊ፦

ልጄ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፣ ስሜት አለው። ግን ስለ ወርቃማ ዘመን ስታወራ ኬሪን በአንድ መስመር አልፈሃታል፣ ያውም የተሸነፈችበትን ቀን መርጠህ። እኔ እዚህ ኬሪ፣ ትራሊ ከተማ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የድሮውን ቡድን ሲጫወት በዓይኔ ባላየውም እዚህ አገር የሚኖር ሰው ሳያየውም ያውቀዋል፣ በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ።

ሚክ ኦድዋየር የሚባል አሰልጣኝ ከ1975 እስከ 1986 ስምንት ዋንጫ አነሳ። 1975፣ ከ78 እስከ 81 አራት በተከታታይ፣ ከዚያ ከ84 እስከ 86 ሦስት በተከታታይ። አምስት ተጫዋቾች ስምንቱንም ሜዳሊያ ወስደዋል፦ ፓት ስፒላን፣ ጄር ፓወር፣ ፖዲ ኦሼ፣ ማይኪ ሺሂ፣ ኦጊ ሞራን። 1978 ፍጻሜ ላይ ደብሊንን 5-11 ለ 0-9 አሸነፉ። ኦይን ሊስተን ብቻውን ሦስት ጎል አገባ። የዚያን ቀን ሺሂ፣ የደብሊኑ ግብ ጠባቂ ፓዲ ከለን ከዳኛው ጋር ሲነጋገር አይቶ፣ ቅጣት ምቱን በፍጥነት ከአናቱ በላይ አሳልፎ መረብ ውስጥ ጣለው። ያችን ጎል እዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውም በእጁ እያሳየ ይተርካታል።

እነዚያ ልጆች የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ የቪዲዮ ተንታኝ፣ ምንም አልነበራቸውም። ኦድዋየር ሜዳ ዙሪያ ያስሮጣቸው ነበር፣ አለቀ። ኦድዋየር ሚያዝያ 2025 ሲያርፉ እዚህ የነበረውን ሐዘን ብታይ ይገባህ ነበር።

ድራምኮንድራ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኬሪን ለማሳነስ አልነበረም። ሼፉ ራሱ ደብሊኔ ሆኖ የሺሂን ጎል ሲተርክ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። እርስዎ የሚሉት ቡድን ውበት ነበረው፣ በድሮ ፊልም አይቻለሁ። ስምንት ሜዳሊያውንም ከ2023 በፊት ማንም አልበለጠውም። 2023 ላይ ክላክስተን፣ ጄምስ ማካርቲና ማይክል ፊትዝሲመንስ ዘጠነኛቸውን ወሰዱ፣ ያውም ኬሪን አሸንፈው፣ 1-15 ለ 1-13። ክላክስተን ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። ሄዶ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይጠብቀው ተመልሶ ነው የተጫወተው።

አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። የእናንተ አምስተኛ በአንድ ጎል ነው የቀረው። የእኛ አምስተኛም 2019 ላይ እንደዛው ሊቀር ነበር። ጆኒ ኩፐር በቀይ ወጥቶ በ14 ሰው እየተጫወትን፣ ኬሪ በአንድ ነጥብ እየመራ፣ ሮክ ነው መጨረሻ ላይ አቻ ያደረገን። ያን ቀን ማካፍሪ ከተከላካይ መስመር እየተነሳ 1-3 አስቆጠረ። ሲሮጥ ያየ ሰው አይረሳውም። በድጋሚው ደግሞ ኦይን መርካን የሁለተኛው አጋማሽ ኳስ እንደተጀመረች መሐሉን ሰንጥቆ ሄዶ አገባ። በዚያ ድጋሚ ላይ ሂል ነበርኩ፣ አጠገቤ የቆመው የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀቀኝም።

ላይሽ_ሚዝ፦

ስሜታችሁን አከብራለሁ። እኔ የምኖረው ናቫን ነው፣ ሚዝ ካውንቲ። የእኛን ታሪክ ማንም አልነገረም፣ ስለዚህ እኔ ልናገር።

አንድ ነጥብ አንድ ነጥብ ትላለህ። እሱ ፍጻሜው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሌንስተር የሚባል የክፍለ ሀገር ውድድር አለ፣ እኛም ደብሊንም ያለንበት። 2019 የሌንስተር ፍጻሜ ደብሊን 1-17፣ ሚዝ 0-4። አራት ነጥብ በ70 ደቂቃ! 2020 ደግሞ 3-21 ለ 0-9። ደብሊን ከ2011 እስከ 2024 አሥራ አራት ሌንስተር በተከታታይ ወሰደ። ያንን ማን ወርቅ ይለዋል? ልጆቼን ወደ ሜዳ መውሰድ ትቼ ነበር፣ ምክንያቱም ውጤቱን ቁርስ ላይ ያውቁታል።

ሕዝብ ቁጠሩ። በ2022 ቆጠራ ደብሊን ካውንቲ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሰው አለው። ሊትሪም ካውንቲ 35,000 ገደማ። ሁለቱም አንድ አንድ ቡድን ነው የሚያሰልፉት። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለደብሊን ክለቦች የሕፃናት አሰልጣኝ መቅጠሪያ የተሰጠው ገንዘብ ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ትልልቅ ጨዋታዎቻቸው ደግሞ ክሮክ ፓርክ ናቸው፣ በራቸው ላይ። ተጫዋቾቹ ጎበዞች ናቸው፣ ያን አልክድም። ሜዳው ግን ዘንበል ያለ ነበር።

ድራምኮንድራ፦

ይሄ ከባድ ነው፣ ልሸሸው አልፈልግም። ገንዘቡ እውነት ነው። ሕዝቡም እውነት ነው። የ2019ኙን የሌንስተር ፍጻሜ አየሁት፣ የሚዝ ልጆች ፊት ላይ የነበረውን አይቼ ደስ አላለኝም። እዚያ ላይ ወርቅ አልልም።

ግን ገንዘብ ብዙ ጎበዝ ልጅ ይሰጥሃል፣ 76ኛው ደቂቃ ላይ ግን ኳሷን የሚመታው አንድ ሰው ነው፣ በጂፒኤስ እየተወረወረበት። ሕዝቡም ድሮም ነበረ። ከ1983 እስከ 2011 ባሉት 28 ዓመታት ያ ሁሉ ሕዝብ ኖሮን ያነሳነው አንድ ዋንጫ ብቻ ነው፣ የ1995ቱን። ስለዚህ ሁለቱም አለበት፣ ዘንበል ያለው ሜዳም ሰዎቹም። እኔ የምወደው ሰዎቹን ነው።

ላይሽ_ሚዝ፦

እሺ፣ እንደዛ ካልከው ተስማምቻለሁ። 2025 እኛው ነን ከሌንስተር ያወጣናችሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ፍጻሜውን ላውዝ ወሰደብን እንጂ። ላውዝ ከ1957 ወዲህ አንስቶ አያውቅም ነበር፣ የነሱን ለቅሶ የመሰለ ደስታ አይቼ አላዘንኩም።

ትዕግስት_ካብራ፦

ወንዶች፣ ስድስት በተከታታይ እያላችሁ ነው፣ የደብሊንን ሴቶች ማንም አልጠራም! እነሱም በዚያው ዘመን ከ2017 እስከ 2020 አራት በተከታታይ አንስተዋል። ከዚያ በፊት 2014፣ 2015፣ 2016 ሦስት ፍጻሜ በተከታታይ በኮርክ ተሸንፈው ነበር። ሦስት ዓመት አልቅሰው አራተኛው ላይ የተመለሱ ሴቶች ናቸው። 2019 ፍጻሜ ላይ ነበርኩ፣ ከጎልዌይ ጋር፣ ዝናቡ ሰውን ሊወስድ ነበር፣ 56,114 ሰው ግን ቦታውን አልለቀቀም። አምበሏ ሺኔድ አሄርን ዋንጫውን ስታነሳ የስምንት ዓመት ልጄ ትከሻዬ ላይ ነበረች። ዛሬ እሷ ለሰፈራችን ክለብ ትጫወታለች። መሐል ሜዳ ነች።

ሌላ ደግሞ፣ ሂል 16 ከ1916ቱ የአየርላንድ የነፃነት አመፅ የሕንፃ ፍርስራሽ ነው የተሠራው ይላሉ። እውነት ነው?

ድራምኮንድራ፦

ትዕግስት፣ ስላስታወስሽን እግዜር ይስጥልኝ፣ መዝለል አልነበረብኝም። ልጅሽን በርቺ በያት።

የሂሉን ነገር እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ጉብታው ግን 1915 ነው የተሠራው፣ ከአመፁ በፊት። መጀመሪያ ሂል 60 ነበር የሚባለው፣ በኋላ ነው ስሙን የቀየሩት።

ፒያሳ_ልጅ፦

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ቆየሁ ወገን! የክላክስተንን የ2011 ምት አሥር ጊዜ አየሁት። ሮጦ ሲመለስ! ደግሞ እግረ መንገዴን ሀርሊንግ የሚሉትን በዱላ የሚጫወቱትን አየሁ፣ ቁርጥ የኛ ገና ጨዋታ ነው። አያቴ ቢያዩት ይደሰቱ ነበር። አሁን ያለው ቡድን እንዴት ነው? መደገፍ ብጀምር ማንን ልያዝ?

ድራምኮንድራ፦

አሁን ዋንጫው ዞሯል። 2024 አርማ የሚባለው ካውንቲ ወሰደ፣ 2025 ኬሪ። ሕጉም ተቀይሯል፣ ከ2025 ጀምሮ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ የሚመታ ሁለት ነጥብ ሆኗል፣ የሕጉን ኮሚቴ የመራው ራሱ ጂም ጋቪን ነው። የእኛዎቹ ብዙዎቹ ጫማ ሰቅለዋል። ፌንተንም ሄደ። 2015 ገብቶ እስከ 2021 ድረስ አንድም የሻምፒዮና ጨዋታ ሳይሸነፍ የቆየ ሰው ነው፣ ስድስት ዓመት ሽንፈት ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ማንን ትያዝ? እኔ ሰማያዊ ነኝ፣ ደብሊን እልሃለሁ። ግን መልካም ሥራ መሥራት ከፈለግክ ሄዋንን ተከተል።

ሄዋን_ካስልባር፦

ፒያሳ፣ ና ወደ ማዮ! ልብህ ይቆስላል ግን ብቻህን አትሆንም።

ድራምኮንድራ፣ ማዮ ፍጻሜ ከደረሰ ትኬቱ ለሁላችንም አይበቃም። ሁለቱ ልጆቼ ትኬት ካላገኙ አንተ ጋ ቲቪ ማየት ይችላሉ? አረንጓዴና ቀይ ለብሰው ነው የሚመጡት።

ድራምኮንድራ፦

ይምጡ እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው። እንጀራም አለ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርላቸዋለሁ። ቲቪውን ድምፁን ቀንሰን እንከፍታለን፣ መስኮቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ።